ለደጋ መንገድ ያገለገለ የመስክ መኪና ሲገዙ ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀና ተሽከርካሪ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ላይ ከ1,800 ሜትር አካባቢ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይና ወደ ነፋስ መውጫ ሲቀጥል ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ ይጓዛል። ይህ ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራውና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ዋና መንገድ ነው። ከእርሱ ወጥቶ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እብናት የገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ሰው በክረምት የሚጠብቀው ጭቃ፣ የተሸረሸረ ጠጠርና ድልድይ የሌለው ጅረት ነው።

በእንዲህ ያለ አካባቢ የመስክ መኪና ቅንጦት አይደለም። የእህል ነጋዴው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ከወረዳ ወረዳ እየተመላለሰ የሚሠራው ተቋራጭ፣ አረጋውያን ወላጆቹን ከገጠር ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ልጅ ሁሉም ይፈልጉታል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ገዢ ይዞ የሚመጣው ገንዘብ የብዙ ዓመት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣ ወይም ከወንድምና ከእኅት የተሰበሰበ ነው። መኪናው ሞተር ቢጥል ወይም ሰነዱ ቢሰናከል ሁለተኛ የሚገዛበት አቅም የለውም። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ገዢ ነው። ገንዘቡ የተወሰነ የደጋ ገዢ ከመኪናው ስምና ግዙፍነት በፊት ሰነዱን፣ የማቀዝቀዣውን ሥርዓትና ፍሬኑን፣ ቀጥሎም የመለዋወጫውን በቅርብ መገኘት ሊመለከት ይገባዋል።

የገበያው ሁኔታ

ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ በአገራችን ከዕድሜያቸው ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ የሆነበት ምክንያት አለው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ተደርጓል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የሚገዛበትን ብር ከፍ አድርጎታል።

በመሆኑም ዛሬ በደብረ ታቦር ወይም በባሕር ዳር ለሽያጭ የሚቀርብ የነዳጅ መኪና ከሞላ ጎደል ቀድሞ አገር ውስጥ የነበረ፣ ሁለትና ሦስት እጅ የተላለፈ ነው። ይህ ለገዢው መልካም ጎን አለው፤ ነገ ሊሸጠው ቢያስብ ዋጋውን በእጅጉ አይጥልም። በዚያው ልክ ግን የሻጩ ጥድፊያና የደላላው ወሬ ጥንቃቄውን ሊያስረሳው ይችላል። «ዛሬ ካልያዝከው ነገ አታገኘውም» የተባለ ገዢ አንድ ሌሊት ቢያድርበት አይጎዳም።

ትልቁ ያረጀ ወይስ ትንሹ ጤነኛ?

በዚህ አካባቢ የመስክ መኪና ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና የሚመጣው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። ዝናው በከንቱ የተገኘ አይደለም፤ ሻንሲው ጠንካራ ነው፣ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ መለዋወጫውም በየከተማው ይገኛል። ነገር ግን በመጠነኛ ገንዘብ የሚገኘው ላንድ ክሩዘር ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት ሲያገለግል ኖሮ በጨረታ የወጣ፣ ሞተሩም ተፈትቶ የተገጠመ ነው። የመግዣ ዋጋው በማርጀቱ ሊቀንስ ይችላል፤ የጎማው፣ የፍሪሲዮኑ፣ የሞተር ጥገናውና የነዳጁ ወጪ ግን የትልቅ መኪና ወጪ ሆኖ ይቀጥላል። ስለ ኒሳን ፓትሮልም ያው ሊባል ይችላል።

ሚኒስቴሩ የትኛውንም አምራች ለይቶ አይመክርም። ሆኖም በገበያው ላይ የሚታዩት አነስተኛ የመስክ መኪኖች በአሠራራቸው ስለሚለያዩ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1988 እስከ 1998 የተመረተው የመጀመሪያው ሱዙኪ ቪታራ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ቀላል፣ ከተለመደው አራት እግር በተጨማሪ ለማጥና ለቀጥ ያለ ዳገት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ነው። ጠባብ ነው፤ በኮረኮንች ላይም ያንገላታል። ቶዮታ ራቭ ፎር በአስፋልት ላይ እጅግ ይመቻል፤ ዝቅተኛ ማርሽ ግን የለውም፣ አንዳንዱም በሁለት እግሩ ብቻ የሚነዳ ነው። ከ1994 እስከ 2000 የተመረተው ራቭ ፎር የሞተሩ ካምሻፍት በቺንጊያ የሚዞር ሲሆን ከ2000 በኋላ የመጣው ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር በሰንሰለት ይሠራል። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በማስረጃ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ወጪውን ከዋጋው ላይ መቀነስ ተገቢ ነው። ዳይሃትሱ ቴሪዮስ በነዳጅ ቆጣቢነቱ ይወደዳል፤ ነገር ግን 1.3 ሊትር ሞተሩ አምስት ሰውና ጭነት ይዞ ደጋ ሲወጣ ይጨነቃል።

ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን በወረታና በነፋስ መውጫ መካከል በዋናው መንገድ ለሚመላለስ ሰው ምቾቱና የነዳጅ ቁጠባው ይበልጥበታል። በየሳምንቱ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ሰው ግን ምቾቱን ትቶ ሻንሲና ዝቅተኛ ማርሽ ያለውን ቢመርጥ በክረምት አይቆጭም። ሁለቱም ቢሆኑ ከሠላሳ ዓመቱ ትልቅ መኪና ይልቅ ለመጠነኛ ገቢ የሚስማሙ ናቸው።

ከፍታውና ሞተሩ

አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይሰላል። በዚህ ስሌት በባሕር ጠለል 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ደብረ ታቦር ሲደርስ 75 ገደማ ብቻ ይቀርለታል። ስለዚህ የሙከራ ጉዞ በከተማ ሜዳ ላይ መደረግ የለበትም። መኪናው በተለመደው የሰውና የዕቃ ክብደት ልክ ተጭኖ ረዘም ያለ ዳገት ይውጣ፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲጎትት የሙቀት መለኪያው ከመካከል ማለፍ አለማለፉ ይታይ። ተርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር የከፍታውን ጉዳት በከፊል ይተካል፤ ተርቦው ራሱ ካረጀ ግን ጥገናው ውድ ነው።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል፤ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው መኪና ደጋ ሲወጣ ይህን ያደርጋል፣ በማስተካከልም ሊድን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህ በቀላሉ አይድንም። ነጭ ጭስ አሳሳች ነው። በደብረ ታቦር ማለዳ ጤነኛ ሞተርም ነጭ እንፋሎት ያወጣል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከጠፋ አያሠጋም። ሞቆም ከቀጠለ ውኃ በተቃጠለ ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ገዢ የሚዘነጋው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲፈላ በደብረ ታቦር ከፍታ ግን 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር በመደበኛ ሥራው ላይ እያለ የሚደርስበት ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው፤ አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ውኃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና ቆላ ላይ ደኅና ሲሄድ ከርሞ በጉና ዳገት ላይ ይፈላል። አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈላ ሞተር ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ያን ጊዜ የክዳን ዋጋ የነበረው ወጪ የሞተር ጥገና ዋጋ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት ገዢው መኪናውን ማለዳ፣ ሻጩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ሄዶ ቢያይ ይመከራል። ኮፈኑን በእጅ ሲነኩት ሞቆ ከተገኘ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታልና ምክንያቱን መጠየቅ ያሻል። ሞተሩ በረድ እያለ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈት፤ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የዝገት ቀለም ከያዘ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ችላ ተብሎ ቆይቷል። የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየም ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሞተሩ በሞቀ ጊዜ ግን ክዳኑ ፈጽሞ አይከፈትም፤ ታፍኖ የቆየው የፈላ ውኃ ፊት ያቃጥላል። ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩም ይጠየቅ፤ መኪና ሲፈላ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል የተለመደ ማስታገሻ ቢሆንም የበሽታውን ምክንያት ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ረገድ የተለየ ነው። ሞተሩ አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ከባትሪው የወጣውን ኃይል በከፊል ይመልሳል። ቤቱ አስተማማኝ መብራት ያለውና በአብዛኛው በከተማውና በዋናው መንገድ የሚንቀሳቀስ ሰው ሊያስብበት ይገባል። ሆኖም ዳገቱና የደጋው ብርድ በአንድ ሙሌት የሚሄድበትን ርቀት ያሳጥራሉ፤ ስለዚህ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው የባትሪው ቀሪ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ እንዲታይ መጠየቅ አለበት።

አራት እግሩ ይሠራልን?

ቁመናው የመስክ መኪና የሚመስል ሁሉ በአራት እግሩ አይነዳም። ዝቅተኛ ማርሽ ያለው መኪና ከማርሽ ዘንጉ አጠገብ «4ኤች» እና «4ኤል» የሚል ሁለተኛ ዘንግ ወይም በዳሽቦርዱ ላይ መምረጫ ይኖረዋል። ለዓመታት ያልተነካ ዘንግ ደርቆ ሊቆይ ስለሚችል «ይሠራል» የሚለውን ቃል ከመቀበል ይልቅ በተግባር መሞከር ይሻላል። ሙከራው የሚደረገው እርጥብ በሆነ አፈር ወይም በልል ጠጠር ላይ ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ አራት እግር አስገብቶ መጠምዘዝ መኪናውን ይጎዳል። የፊት ጎማ መሐል ላይ በእጅ የሚቆለፍ መያዣ ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱም መያዣዎች መዞራቸውና መቆለፋቸው ይታይ። ቋሚ አራት እግር ያለው መኪና ደግሞ አራቱ ጎማዎቹ ተመሳሳይ መጠንና ተቀራራቢ ዕድሜ ካልኖራቸው ዲፈረንሻሉ ይደክማል።

ቁልቁለቱና ፍሬኑ

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። መድፉን ዳገት ማስወጣቱ ከባድ ነበር፤ ወደ ሸለቆው ሲወርድ ይዞ ማቆየቱም እንደዚያው። የዚህ አገር ሾፌርም ይህን ያውቃል፤ መኪናው ዳገት ባይወጣ ይቆማል፣ ቁልቁለት ላይ ካልተያዘ ግን አይቆምም።

ፍሬኑን ለመፈተሽ አስቀድሞ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ጠንክሮ ረግጦ አንድ ደቂቃ ያህል መያዝ ይቻላል። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ከሰመጠ ፈሳሹ የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ሲረገጥ ስፖንጅ የመሰለ ከሆነ አየር ገብቶበታል። ከዚያ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ረዘም ያለ ቁልቁለት ይውረድ፤ ማርሹ ራሱ ከወለቀ ካምቢዮው ደክሟል። በእንዲህ ያለ መኪና ጉናን መውረድ ለነፍስ ያሠጋል። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ጥገና ያስፈልገዋል። የእጅ ፍሬኑም መኪናውን ዳገት ላይ ብቻውን ይዞ ማቆም አለበት። የፍሬን ፈሳሽ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባዋል፤ ያረጀ ፈሳሽ በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

አካሉ፣ ጎማውና ዕድሜው

ቀለም ብዙ ይሸፍናል። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በበሮቹ ሥርና በፓራፋንጎው ላይ ቢጠጋ፣ የማይስብበት ቦታ ላሜራው በልቶ በስቱኮ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ከሥር ሻንሲው ላይ የተበየደ ቦታ ከታየ የግጭት ታሪኩ ይጠየቅ። የወንበር ሥር ምንጣፍና የስኮርታ ጎማው ቦታ ደግሞ ተነሥቶ ይታይ፤ ደለል ወይም የውኃ መስመር የቀረበት መኪና በጎርፍ ውስጥ ቆሞ ነበር። በየክረምቱ ርብና ጉማራ ወንዞች ፎገራን በሚያጥለቀልቁበት አገር ይህን መጠርጠር ነገር ማብዛት አይደለም።

ጎማ ዕድሜውን በራሱ ላይ ጽፎ ይይዛል። «ዲኦቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ባሉበት መስመር መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ከተባለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢመስልም ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ መለወጥ አለበት፤ የአራት ጎማ ዋጋም ቀላል አይደለም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ማመን አይቻልም። የፔዳሎቹ ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር መበላት ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ። ስለ ሞዴሉ ዓመት ሲነገርም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። «የ2000 ሞዴል» የተባለ መኪና በእኛ አቆጣጠር ሲሆንና በአውሮፓውያኑ ሲሆን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። ብዙ ገዢ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ይህን የሚያስተውለው።

ሰነዱ

ሞተር ቢበላሽ ይጠገናል፤ ባለቤትነቱ የሚያከራክር መኪና ግን ገንዘቡንም መኪናውንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ሰነዱ ከሙከራ ጉዞው በፊት ቢታይ ድካም ይቀንሳል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ተመዝግቦ የባለቤትነት ደብተር፣ ማለትም ሊብሬ፣ ሊኖረው ይገባል። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸሩ። የተፋቀ፣ በላዩ የተበየደ ወይም አቀማመጡ የተዛባ ቁጥር ካለ ግዢው መቆም አለበት። ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ መኪናም በምርመራ ጊዜ ችግር ስለሚያስከትል ሻጩ አስቀድሞ ያስተካክል። የዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ መደረጉን የሚያሳየው ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃ መኖራቸውም ይረጋገጥ፤ መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው።

ቀጥሎ መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ይጣራል። ይህ መረጃ የሚገኘው የመኪናው ፋይል ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። መኪናው በአዲስ አበባ የተመዘገበ ከሆነ ማጣራቱም በዚያው ይሆናል። መኪና ለባንክ ብድር መያዣ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ በተንቀሳቃሽ ንብረት የመያዣ መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረትም የመያዣ መብቶች ይመዘገባሉ። የፍርድ ቤት እገዳም ሊኖር ይችላል። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል ወይም በጉምሩክ ሳይፈቀድ ስሙ ወደ ሌላ ሰው አይዛወርም። ከባለሀብት፣ ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከውጭ ከተመለሰ ሰው የሚገዛ ይህን ለይቶ ይጠይቅ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና መኪናው የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር ጓደኛው ወይም ጓደኛዋ ስምምነት ያስፈልጋል።

እጅግ የተለመደውና እጅግ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር «የውክልና ግዢ» የሚባለው ነው። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፤ የስም ማዛወሪያውን ወጪና ምልልስ ለመሸሽ ሲባል ግን ሊብሬው በሻጩ ስም እንዳለ ይቀርና ለገዢው የመንዳትና የመሸጥ ውክልና ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ የያዘ ሰው መኪናውን የራሱ አድርጎ ያስባል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ባለቤቱ ሌላ ነው። ውክልናን ወካዩ በማናቸውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመርሕ ደረጃ ቀሪ ይሆናል። ሻጩ በማግስቱ ቢበደርና አበዳሪው ቢከሰው በስሙ ያለው መኪና ሊታገድ ይችላል። ወራሾች መጥተው «የአባታችን መኪና» ቢሉም ገዢው ክርክር ውስጥ ይገባል። የዕቁብ ገንዘብ የከፈለ ሰው ለጥቂት ሺህ ብር ክፍያና ለጥቂት ቀን ምልልስ ብሎ ይህን ሁሉ መሸከም የለበትም።

ሻጩም ቢሆን ከዚህ አያተርፍም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት የነበረ ቢሆን እንኳ ከኃላፊነቱ አይድንም። ስሙን ሳያዛውር የሸጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ስለማያውቀው አደጋ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ውሉን በውልና ማስረጃ ፊት ቀርበው ቢፈራረሙና ስሙን ወዲያው ቢያዛውሩ ለሁለቱም ይበጃል።

ክፍያውን በተመለከተ ቀብድ የሚሰጥ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር፣ የቀረው ገንዘብና ስሙ የሚዛወርበት ቀን በውሉ ላይ ይስፈር። ዋናው ክፍያ በባንክ ቢፈጸም ማስረጃ ይሆናል። በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ማስፈር ታክስ ያስቀንሳል ተብሎ የሚመከር ምክር አለ። ይህ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ሽያጩ ቢፈርስ ገዢው በውሉ ላይ ከተጻፈው በላይ መክፈሉን ለማስረዳት ይቸገራል።

በጨረታ የሚገዛ ሰው ደግሞ መኪናው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ መሆኑን ይወቅ። ለማየት በተፈቀደው ቀን መካኒክ ይዞ ሄዶ ያላየ ሰው ባይጫረት ይሻለዋል። ከግለሰብ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ሲገኝበትም ሕጉ ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። ከወራት በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ይደክማል።

መኪናውን ለኪራይ ወይም ለሕዝብ ማመላለሻ ለማዋል የሚያስብ ሰው በግል ሰሌዳ ተሳፋሪ በክፍያ መጫን እንደማይፈቀድ አስቀድሞ ይወቅ። የንግድ ሰሌዳ የሚወጣበትን መስፈርት ከመግዛቱ በፊት በአቅራቢያው ካለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ መልካም ነው።

ለጥገና የሚቀመጥ ገንዘብ

ያለውን ገንዘብ ሁሉ መኪናው ላይ ማዋል ስሕተት ነው። ከያዘው ገንዘብ ቢያንስ አምስተኛውን እጅ ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድንና ለመጀመሪያው ጥገና ያስቀመጠ ገዢ አይቸገርም። አምስት መቶ ሺህ ብር ያለው ሰው የአምስት መቶ ሺህ ብር መኪና ሊፈልግ አይገባም፤ የአራት መቶ ሺህ ብር መኪና ይፈልግ። በዚህ ሒሳብ የሚገኝ መኪና ከሌለ ጥቂት ወራት ጠብቆ መቆጠብ ይሻላል።

መካኒኩን ራሱ ገዢው ይምረጥ። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው መካኒክ ጥሩ ባለሙያ ሊሆን ቢችልም የሚያገለግለው ማንን እንደሆነ አይታወቅም። ለአንድ ምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከዚሁ ጋር በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ያሉ መለዋወጫ ሻጮች ዘንድ ሄዶ የዚያ ሞዴል የራዲያተር፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮንና የቺንጊያ ዋጋ መጠየቅ ይጠቅማል። ሁለት ሱቅ ጠይቆ «ከአዲስ አበባ ካልታዘዘ አይገኝም» የተባለበት መኪና በክረምት አጋማሽ ቢቆም ለሳምንታት መቆሙ ነው።

ስሙ በተዛወረ ሳምንት የሞተር ዘይቱና ፊልትሮው፣ የራዲያተሩ ፈሳሽና ክዳኑ፣ የፍሬን ፈሳሹ፣ ቺንጊያ ያለው ሞተር ከሆነም ቺንጊያው በአንድ ጊዜ ቢለወጡ፣ ገዢው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለውን ታሪክ ራሱ ያውቃል። ወደ ጉና አካባቢ ለሚመላለስ መኪና ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ ሳይሆን ውርጭን የሚቋቋም ፈሳሽ መግባት አለበት። የተለወጠው ዕቃ ደረሰኝና ቀኑ ከሊብሬው ቅጂ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ መኪናው እንደገና በሚሸጥበት ቀን የሚቀጥለው ገዢ የሚጠይቀው እርሱን ነው።